የጋሽ ሸምሱ ሳርና ያንተ መረብ

ለለሊሴ አባት፣ ባለህበት ሰላም ሁንልኝ።

ጥለኸኝ ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ነቀምቴ እንደምታውቃት ናት፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ለሊሴ ቁመቷ እኔን አልፏል። ጣሪያው ዛሬ ነገ እያልክ ሳትደፍነው በሄድከው ቦታ አሁንም ያፈሳል። ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ ግን ደህንነታችንን ልነግርህ አይደለም፤ ቅናት ሊገድለኝ ነው። ለሰው ብናገረው መሳቂያ ያደርገኛል።

ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ፣ ባለሱቁ፣ ጓሮው ውስጥ የመረብ ኳስ ሜዳ ሠራ። ያውም የፕላስቲክ ሳር አንጥፎ! አዲስ አበባ የሆነ ኤግዚቢሽን ላይ የተነጠፈ ነው አሉ፤ ከመርካቶ ገዝቶ ከጨውና ከስኳሩ ጋር በጭነት መኪና አስመጣው። አፈሩን ደለደሉ፣ ገረጋንቲ አለበሱት፣ በርሜል ውሃ ሞልተው እያንከባለሉ ጠቀጠቁት። ከዚያ ያንን አረንጓዴ ነገር እንደ ምንጣፍ ዘርግተው ዳር ዳሩን በትልልቅ ምስማር ቸነከሩት። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ነበር። አዎ፣ አይቻለሁ፤ ምን ይጠበስ!

በርሜሉን ሲያንከባልሉ የዋሉት እነማን መሰሉህ? ያንተ ልጆች። አንተ መረብ ኳስ ያስተማርካቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመኔን ረግጠው እየገቡ «አዴ ጫልቱ፣ ውሃ!» እያሉ እንስራዬን የሚያደርቁት። አሁን ውሃ የምታቀርብላቸው የሸምሱ ሚስት ዘይነባ ናት፣ ያውም በብርጭቆ። እኔን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አካም ጅርቱ» ብለው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ። ልጅህም የመጀመሪያው ቀን ሄደች። ስትመለስ ንጹህ ካልሲዋን እያሳየች «ጭቃ የለውም እኮ፣ እማዬ» አለችኝ። እስከ ማግስቱ አላናገርኳትም።

የኛን ጓሮ ሜዳ «ጣውንቴ» እለው እንደነበር ታስታውሳለህ? የበቆሎ መሬቴን ወስደህ ሜዳ ስታደርገው ስንት ቀን አኮረፍኩህ! አመዴን ከምድጃዬ እየዛቅህ መስመር ታሰምርበት ነበር። ከትምህርት ቤት ስትገባ እኔን ደህና ዋልሽ ሳትለኝ ምሰሶውን መታ መታ ታደርጋለህ። አሁን ጉድ ፈላ፤ ለጣውንቴ ተቆርቋሪ እኔው ሆኛለሁ። ሜዳህ ሰው አጥቶ ሰርዶ እየወረሰው ነው፣ ደህና የእግዜር ሰርዶ። የሸምሱ ደግሞ ዝናብ በወረደበት ቁጥር ታጥቦ ያብረቀርቃል።

ታዲያ አንድ ነገር አጡ። መረብ። ሳሙና እንኳ በቀበሌ ሰልፍ በሚገኝበት በዚህ ጊዜ መረብ ከየት ይመጣል? ሸምሱ መርካቶን ቢያስስ የለም። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ያንተው አንዱ ነው። የማዳበሪያ ጆንያ ተርትረን፣ አንተ አልጋው ጫፍ ላይ ሆነህ ስትቋጥር እኔ ጫፉን በእግሬ ጣት ወጥሬ እየያዝኩልህ የሠራነው። ክሩ የቆረጠኝ ጠባሳ ዛሬም ጣቴ ላይ አለ።

እና ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩብኝ! ልክ ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው። ኦቦ ፉፋ፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ፤ ዱላቸውን ተደግፈው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቤትሽ ያለችውን ልጅ ለጎረቤትሽ ስጪልን» ሲሉ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ቀጥለው ግን ሜዳው በስምህ እንደሚጠራ ነገሩኝ። የመምህር ገመቹ ሜዳ! ስምህ በዘይነባ ጓሮ! እኔን ማን ጠየቀኝ? ሳቄ ደረቀ። «ዘመድ ሳላማክር መልስ የለኝም» ብዬ እንደ ደንቡ ሸኘኋቸው።

ዘመድ ያልኩት አንተን ነው። መረቡን ከሳጥን አውጥቼ ታቅፌው ጓሮ ቆምኩ። «ልስጣቸው ወይስ ልከልክላቸው?» ብዬ ጠየቅኩህ። ለሊሴ ከኋላዬ መጥታ «አባዬ በሕይወት ቢኖር ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጫማህን አውልቀህ በዚያ ሳር ላይ እንደ ውርንጭላ ስትንከባለል ታየኝ። ለካ ብትኖርም ትሄድብኝ ኖሯል! ባሰብኝ። እዚያው ቆሜ ሰደብኩህ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ያኔ ነው ቃሌ ትዝ ያለኝ። ለጨዋታ ጊምቢ፣ ሻምቡ ስትሄድ «የትም ዋል፤ ማደር ግን እዚህ ነው» እልህ ነበር። አንተም ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለህም ቢሆን ሰዓት እላፊ ሳይደርስ፣ ዓይንህ ብቻ እስኪቀር ጭቃ ሆነህ ትገባለህ። አንድም ቀን ውጭ አድረህብኝ አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ተመለሱ፤ ሸምሱም አብሯቸው መጣ። ሰጥቻችኋለሁ አልኳቸው፤ ተቀመጡ። ጥሎሹን ሲጠይቁኝ ጨዋታው ባለቀ ቁጥር መረቡ ተፈትቶ፣ ታጥፎ፣ እቤቴ ድረስ ይምጣልኝ አልኩ። ሸምሱ «እዚያው ቢያድር ምን ይሆናል፣ አዴ ጫልቱ? ግቢው እንደሆን ዘበኛ አለው» አለ። ሰውዬው ክፋት የለውም፤ አልገባውም እንጂ። አይሆንም አልኩት።

አሁን አመሻሽ ላይ በሬ ይንኳኳል። ተጫዋቾችህ እርጥቡን መረብ ይዘው ይገባሉ፣ ውሃም ይጠጣሉ፣ በጣሳ። መረቡ የሸምሱን ፕላስቲክ ይሸተኛል፤ ቅናቴ ይነሳል፤ አራግፌ አልጋው ላይ ባንተ በኩል አኖረዋለሁ።

እንግዲህ ቃሌ ይኸው ነው። እኔ እስካለሁ ስምህ የፈለገበት ጓሮ ይዋል፤ መረብህ ግን ውጭ አያድርም። ውጭ ያደርክብኝ አንተ ብቻ ነህ።

ያንተው ጫልቱ