የአባትህ ግራ ዳሌ

ለልጄ ለቀናው፤ የሰው አገር ውኃ ይስማማህ፣ እመቤቴ ከፊትህ ትቅደም።

እኛ ደህና ነን፤ አባትህ ግን በዳሌያቸው ነገር አንጀቴን አሳረሩት። መጀመሪያ ወጌሻው ጀቤሳ ወልቋል ብሎ ሦስት ሳምንት በቅቤ እያሸ አስጮሃቸው። ሲብስባቸው ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የዳሌያቸውን ጎን በአውራ ጣቱ ጫን ቢያደርገው ከአልጋው ዘለው ሊወርዱ ምን ቀራቸው!

«አጥንቱ ደህና ነው፤ በላዩ ያለችው ውኃ ያዘለች ከረጢት ናት የተቆጣችው። መታሸት ይቅር፣ በግራ ጎንዎም አይተኙ» ብሎ ኪኒን ሰጣቸው። ኪኒኑን በስንት ልመና ዋጡ። በቀኝ መተኛቱን ግን እምቢ አሉ! ሁልጊዜ በዚያው በግራቸው ተኝተው ያቃስታሉ።

ትናንት ብጮህባቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «በቀኝ ከተኛሁ ደህናው ጆሮዬ ትራስ ውስጥ ይገባል። የንጋቱ ባቡር ከድሬዳዋ ሲመጣ ፉጨቱን አልሰማም። ልጁ ሳይጽፍ ቢመጣ ማን ጣቢያ ይቀበለዋል?»

እባክህ ልጄ፣ ሳልጽፍ አልመጣም ብለህ ጻፍላቸውና ገልበጥ ብለው ይተኙ። ባቡሩን እንደሆነ እኔ እሰማዋለሁ፤ ከሄድክ ጀምሮ አንድ ቀን አምልጦኝ አያውቅም።

በሰላም ያግባህ።

እናትህ ፈለቀች
አቃቂ፣ ጥቅምት 1957 ዓ.ም.