የአያታቸውን ጠመንጃ ከግድግዳ ያወረዱት ሰው የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድም ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአናጢ ቤቱ በላይ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ፤ ይህንንም ከእሳቸው በኋላ የተወለደ ሁሉ በደንብ እንዲያውቀው አድርገዋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ነው። እንዲጽፍ ያዘዙት የሟች ባለቤት ሲሆኑ፣ አሳምረህ ጻፍ አላሉትም፤ እውነቱን ጻፍ ነው ያሉት። ሙት ወቃሽ አያድርገው እንጂ እንደታዘዘው ጽፏል።

በልጅነታቸው የእናታቸውን የስፌት መኪና ፈትተው መልሰው ገጠሙት። አንድ ብሎን ተርፏቸው ሳለ መኪናው ከቀድሞው አሳምሮ ሰፋ። እናታቸው ይህን ለጎረቤት ሁሉ አወሩት፤ ጥፋቱም የጀመረው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የማንንም ነገር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የመፍታት መብት ያላቸው መሰላቸው።

በሙያ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ ተምረው በጥሩ ውጤት ተመረቁ። በምረቃቸው ዕለት የምስክር ወረቀታቸው ፍሬም ዘሟል ብለው ለአባታቸው መለሱላቸው። ፍሬሙን በእጃቸው የሠሩት አባታቸው ነበሩ።

ከዚያም በውሃ ፓምፕ ፋብሪካ የቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ መኪና፣ ባለሙያ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ቶርኖ የእሳቸው ነበር፤ ሌላ ሰው የነካው እንደሆነ ሥራ አቁመው ከመጀመሪያው ያስተካክሉታል። ከሰላምታ ቀድሞ ከአፋቸው የሚወጣው “ልክ አይደለም” የሚል ቃል ስለነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው ቅጽል ስም አደረጉላቸው። በዕረፍት ቀናቸው ከከተማው ዳር ባለው የተኩስ ክበብ የአባላቱን አሮጌ ጠመንጃዎች ይጠግኑ ነበር። ባለቤታቸውንም የተዋወቁት እዚያው ነው። ባለቤታቸው ዒላማ በመምታት ይበልጧቸው ስለነበር በዚህ ጉዳይ ብቻ ዝም ይሉ ነበር። በትዳራቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ልጆቹ ስለ አባታቸው ደግነት ብዙ ያወራሉ፤ ጽሑፉ ግን የእነሱ አይደለም።

አሁን ወደ ጠመንጃው እንምጣ። በአባታቸው ሳሎን፣ ከረጅሙ ወንበር በላይ፣ ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሎ ነበር። ጠመንጃው የዱቄት ፋብሪካ ዘበኛ የነበሩት የአያታቸው ነው። ታሪኩን በዚያ ቤት ያደገ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ዘራፊዎች መጡ፤ ሠራተኛው በጓሮ በር ፈረጠጠ፤ አያት ብቻቸውን በሩ ላይ ቆሙ፤ አንዲት ጥይት ተኮሱ፤ ዘራፊዎቹም ተበተኑ። አባታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ሲያወሩ ኖሩ። ፀጉር አስተካካይ የሆነው ታናሽ ወንድማቸውም ሱቁን “አንድ ጥይት ፀጉር ቤት” ብሎ ሰይሞ፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ሲተርክ ኖረ። የሠፈሩ ሰው የሚያከብረውም በመቀሱ ብቻ አልነበረም።

አባት ሲያርፉ ጠመንጃው ክፉኛ ዝጎ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ዘይት ቀብተው እንዲመልሱት ብቻ ሰጣቸው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል የለም። እሳቸው ግን ጓሮ ወዳለው መሥሪያቸው ወስደው ብረት ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰሩትና ዘንግ በአፈሙዙ አስገቡ። ቀጥሎም የገባበትን ልክ በጣታቸው ይዘው ዘንጉን አወጡና ከበርሜሉ ውጭ ጎን ለጎን አጋደሙት። መድረስ ከሚገባው ቦታ ከስንዝር በላይ ቀርቶታል። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ አንድ ነው፤ ጠመንጃው ጎርሷል። ያ ሁሉ ልጅ ያደገው፣ ያ ሁሉ እንግዳ ራቱን የበላው ባሩድ ከያዘ ጠመንጃ ሥር ነበር።

ውሃ ሞልተው ባሩዱን ካራሱ በኋላ ጫፉ በተጠማዘዘ ዘንግ እየጎተቱ አወጡት። መጀመሪያ አረር ወጣ፤ ከሥሩ ባሩድ። ከባሩዱ ሥር ግን ሌላ አረር፣ ከዚያም ሥር ሌላ ባሩድ ተገኘ። የዚህ ጠመንጃ መዶሻ የሚመታው ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው፤ ቆቧ የምታጭረው እሳት በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያነደዋል። ቀዳዳው በደረቀ ሞራ ተደፍኖ አገኙት። ቆቧ ነዳለች፤ እሳቱ ግን ወደ ውስጥ አልገባም።

ሰው ይህን ሲያውቅ ወይ ለወንድሙ ለብቻው ይነግራል፣ ወይ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። እሳቸው ለአባታቸው መታሰቢያ ዘመድ ወዳጅ በተሰበሰበበት ምሳ ላይ ሁለቱን አረሮች ከኪሳቸው አውጥተው ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጡ። ዘራፊዎቹ በመጡ ቀን ከዚህ ጠመንጃ አንድም ጥይት አልወጣም አሉ። አንዲት አክስት አረሩን የወይራ ፍሬ መስሏት ልታነሳ ስትል እጇን ያዟት።

“አባታችንን ዛሬ ሁለተኛ ቀበርከው” አላቸው ታናሽ ወንድማቸው።

“እኔ የቀበርኩት ነገር የለም፤ ያወጣሁት ነው እንጂ” አሉና ሾርባቸውን ቀጠሉ። ታናሽ ወንድማቸው ምሳውን ትቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ዓይንህን ለአፈር ተባባሉ። ወሬው ሠፈሩን ለማዳረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ደንበኛ ሁሉ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ መቀሱ ጎርሷል ወይስ አልጎረሰም እያለ ይጠይቅ ጀመር። የሱቁ ስም መሳቂያ ሆነ፤ ባለሱቁ ግን ስሙን አልቀየረም።

እሳቸውም ጠመንጃውን አልመለሱም። አማላጅ ቢላክባቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በርሜሉን ከእንጨቱ ለይተው ከሥር የተደበቀውን የሠሪውን ምልክት አነበቡ። ቤተሰቡ ጠመንጃው ከትልቅ ሹም የተሰጠ ሽልማት ነው ብሎ ያምን ነበር። የበርሜሉ ምልክትና የመዶሻው ቤት ምልክት ግን አልገጠሙም፤ ከሁለት ስብርባሪ ጠመንጃዎች የተቀጠለ ተራ መሣሪያ ነበር። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃቸው በባለቤታቸው በኩል አስነገሩ። ከዚያ በኋላ በጥገናው ላይ ዓመታት ፈጁ። ብሎኖቹን በነጭ ጋዝ ዘፍዝፈው አላቀቁ፤ የተደፈነውን ክፍል ጥለው አዲስ በቶርኖ አወጡ፤ በበርሜሉ ልክ የቀለጠ የእርሳስ ብረት እያመላለሱ በውስጡ የተቀረጹትን ቦዮች አጸዱ፤ የተሰነጠቀውን ሰደፍ አጣበቁ። በሥራው እንከን አይወጣላቸውም፤ ጠላታቸውም ቢሆን ይህን አይክድም። የመጀመሪያውን ተኩስ ጠመንጃውን አሮጌ ጎማ ላይ አስረው፣ ከግንብ ጀርባ ሆነው ቃታውን በገመድ ስበው አስተኮሱት። ባለቤታቸው እንደሚሉት እንደ ሕፃን ሳቁ። ታናሽ ወንድማቸው አላየም፤ የጠራውም የለም።

በመጨረሻ የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ ባለቤታቸው ወደ ፀጉር ቤቱ ደውለው፣ ፀጉሩ አድጓል፣ ከአንተ በቀር ማንም አይነካኝም ብሏል፣ ና አሉት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ወንድም ግን ወንድም ነውና መቀሱን ይዞ ሄደ። ሰላምታ አልተለዋወጡም። ግማሹን እንደቆረጠ በግራ በኩል ይረዝማል ብለው አረሙት። ከዚያ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ተናገሩ።

“ያንን ጠመንጃ ማጉረስ ጊዜ ይፈጃል። ባሩድ ትሰፍራለህ፣ አረር ትገፋለህ፣ ቆብ ትገጥማለህ። ሁሉንም ቆመህ ነው። አያታችን ቃታ ሳቡ፣ አልተኮሰላቸውም። ሰዎቹ ፊታቸው ናቸው። የሚሸሽ ሰው ሁለተኛ አያጎርስም። እዚያው በሩ ላይ ቆመው ነው ያጎረሱት። ሰዎቹን የመለሳቸው ጥይት አይደለም፤ እሳቸው ናቸው።”

ታናሽ ወንድማቸው መቀሱን አስቀምጦ ይህን ያወቁት መቼ እንደሆነ ጠየቃቸው።

“አረሮቹን ያወጣሁ ዕለት። ምሳው ላይ ልጨርስ ስል ተነስተህ ሄድክ።”

ተነስቶ መሄዱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የበርሜሉን ምልክት በባለቤቱ የሚያስነግር ሰው ይህንንም ማስነገር አያቅተውም ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ያ ሁሉ ዓመት በከንቱ ባላለፈ። ለምን ዝም አልክ ሲላቸው ዓይናቸውን ከድነው፣ ቀኙን ጨርስ አሉት። ጨረሰላቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው፣ ወንድ ልጃቸውና ታናሽ ወንድማቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። ለታናሽ ወንድማቸው ግን መጽናናት አይለመንለት፤ ገና ተጣልቶ አልጨረሰም፣ የሚጣላውም ሰው ዛሬ ይቀበራል።