ቡናዬን በአበባው ላሸጡኝ ሥራ አስኪያጅ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ገብረወልድ
የእሸት ተስፋ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ሚዛን ተፈሪ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም የእግርዎን ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እግርዎን ለይቼ መጠየቄ በባለቤቴ በፈንታው ላይ የደረሰው በእርስዎ ላይ እንዳይደርስ ከልቤ ስለምመኝ ነው። አያድርገውና ቢደርስብዎ እንኳ፣ ገንዘብዎ እርስዎ ከሚመሩት ማኅበር ሌላ ቦታ የተቀመጠ እንዲሆን እጸልያለሁ።

ንጋቷ ባየ እባላለሁ፤ የአባልነት ቁጥሬ 214 ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሸኮ መንገድ በኩል ግማሽ ሄክታር ቡና አለን። ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምዎትም፤ በማኅበራችን ገንዘብ ሊያስገባ የመጣን ሰው ማንነት መጠየቅ አልተለመደም፤ ማንነት የሚጠየቀው ገንዘብ ሊያወጣ ሲመጣ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በአዳራሽ ሰብስበው ስለ ገንዘብ ነፃነት ያስተማሩንን ትምህርት አልረሳሁም። በግድግዳው ላይ ደረጃ የሚወጣ ሰው ሥዕል አሳይተውን፣ መጀመሪያ ለራሳችሁ ክፈሉ፣ ለክፉ ቀን አስቀምጡ፣ ገንዘባችሁ ለእናንተ ይሥራ፣ ከሁሉም በላይ ቡናችሁን በአበባው አትሽጡ ብለውን ነበር። እርስዎ እንደሚያውቁት በእኛ አገር ቡናው ገና ነጭ አበባ ለብሶ ሳለ ነጋዴ ይመጣና፣ ዛፉን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ በጥቅምት የሚደርሰውን ፍሬ በሲሶ ዋጋ ይገዛል፤ ከዚያ ወዲያ ባለማሳው ለነጋዴው ዘበኛ ሆኖ የገዛ ቡናውን ከዝንጀሮ እየጠበቀ ይከርማል። አባቴ እንዲህ ሲሸጥ ኖሮ ሞተ፤ እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሸጫለሁ። ሌላው ትምህርትዎ ሁሉ ባይገባኝም ይህ ግን ገባኝ፤ ለእኔ የገንዘብ ነፃነት ማለት ቡናዬ ቀልቶ ሳየው የራሴ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደሬውን፣ የሙዙንና የኮረሪማውን ሽያጭ ከአፌ እየነጠቅሁ በየወሩ ወደ መስኮትዎ አመጣሁ፤ ሃምሳ ስምንት ሺህ ብርም ደረሰ። ለዚህ ሁሉ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከዕቁብ ስላስወጡኝ አመሰግናለሁ። በዚሁ ከተማ ጨርቅ የሚነግዱት ወይዘሮ ሐፍሳ በሚዳኙት ዕቁብ ሰባት ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ ዕቁብ ወለድ የማይከፍል፣ ማኅተም የሌለው፣ ኋላ ቀር ነገር መሆኑን እርስዎ ሲያስረዱን አፍሬ ወጣሁ። በዚያ ኋላ ቀር ዕቁብ አንዱ ሲቸገር ዕጣ የወጣለት ሰው ይለቅለታል፤ ማኅተም ግን የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት እኔ መሆኔን አሁን አውቄያለሁ።

2ኛ. ለገንዘቤ ስላደረጉት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ባለፈው የካቲት ፈንታው ቀፎ ሊሰቅል ከወጣበት ዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ጅማ ሄዶ ብረት ካልገባለት አይድንም፣ ለዚህም ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር ያስፈልጋል ተባልን። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከድንጋጤዬ መሃል ትንሽ ኮራሁ። ጎረቤቶቼ ምን ይውጣት ይሆን እያሉ ሲያዝኑልኝ እኔ ደብተሬን ከሣጥን አውጥቼ፣ ሰኞ በጠዋት በባጃጅ ለራሴ ልከፍል ወደ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። በመስኮቱ ግን ገንዘብ ባለቤቱ ስለመጣ ብቻ እንደማይሰጥ በትሕትና ተገለጸልኝ። እኔ እኔ ስለመሆኔ ከቀበሌ ደብዳቤ አመጣሁ። ባለቤቴ ስለመስማማቱ ይፈርም ስለተባለ ቅጹን ተኝቶ ከሚያቃስትበት ወስጄ አስፈረምኩት፤ ፊርማው ከቀድሞው ጋር አይመሳሰልም ተብሎ ተመለሰ። ሰውየው የፈረመው በጀርባው ተኝቶ መሆኑን ባስረዳም፣ መመሪያው ስለ ጀርባ የሚለው ነገር አልነበረውም። በመጨረሻም ሁለት ዋስ ተጠየቅሁ። ክቡር ሆይ፣ የገዛ ገንዘቤን ይዤ ብጠፋ ማን እንደሚጎዳ እስከ ዛሬ እያሰብኩ ነው።

3ኛ. እርስዎ በዚያው ሳምንት ደንበኛን ስለማክበር ሥልጠና ለመውሰድ ሐዋሳ በመሆንዎ ጉዳዬ ለኮሚቴ ቀረበ። ቃለ ጉባኤው በእጄ ይገኛል። የአባሏ ችግር አሳዛኝ ቢሆንም አስቸኳይነቱ በበቂ ማስረጃ ስላልተደገፈ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታይ ይላል። ለክፉ ቀን ቆጥቡ ሲሉን ቀኑ ክፉ መሆኑን የሚያጸድቀው ኮሚቴ መሆኑን አብረው ቢነግሩን ኖሮ፣ ፈንታው የሚወድቅበትን ቀን ከስብሰባችሁ ጋር አስማምተን እንወስን ነበር።

አራተኛውን ቁጥር ምስጋና ልለው አልቻልኩም። ከሰኞ በኋላ አምስተኛው ቀን ላይ የቡና ነጋዴው አቶ ይርዳው ሳልጠራቸው፣ ችግሬንም ሳልነግራቸው፣ ጥሬ ገንዘብ በፌስታል ይዘው ግቢዬ ደረሱ። ቡናው አብቦ ነበር። በደረሰ ጊዜ ከመቶ ሃያ ሺህ ብር የማያንስ የሚያወጣውን ማሳ በአርባ ሺህ ጠሩት። አልተከራከርኩም፤ ፈንታው ከውስጥ ሲያቃስት ይሰማል፣ የሚከራከር ሰው ጊዜ ያለው ሰው ነው። ፈረምኩ። ሌላ ጊዜ ደስ የሚለኝን የአበባ ሽታ እያሸተትኩ ገንዘቡን ቆጠርኩ። ለጅማ መንገድ መኪና የተከራየንበትን አራት ሺህ ብር ወይዘሮ ሐፍሳ ከዕቁብተኞቻቸው አሰባስበው አመጡልኝ፤ አባልነቴን ከተውኩ ሦስት ዓመት ማለፉን ያነሳ አልነበረም፤ ቅጽም አላስሞሉኝም። ባለቤቴ ተርፏል፤ በምርኩዝ ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩን ዕድሌ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ነገር ግን በነሐሴ ጠቅላላ ጉባኤ በታደለን ሪፖርት ገጽ ስድስት ላይ፣ እኔ ከመስኮቱ በተመለስኩበት በዚያው ሰኞ ለአቶ ይርዳው ለቡና ግዢ የሚውል አራት መቶ ሺህ ብር ብድር መለቀቁን አነበብኩ። የዋስ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ለካ ካዝናው ተሟጥጦ ኖሯል፤ ደብዳቤውም ፊርማውም ዋሱም ጊዜ መግዣ ነበር። አቶ ይርዳው ማን እንደተቸገረ ከማን እንደሰሙም ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ስለዚህ 5ኛውና ትልቁ ምስጋናዬ ይህ ነው፦ ገንዘባችሁ ይሥራ ብለውን ነበር፤ የእኔ ገንዘብ ሠርቷል፤ ከካዝናዎ ወጥቶ በአቶ ይርዳው ፌስታል ግቢዬ ድረስ መጥቶ የራሴን ቡና በሲሶ ዋጋ ገዝቶብኛል። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ይሉ የነበሩ ሰዎች ዳቦውን ቢያንስ በዓይናቸው አይተውታል።

ክቡር ሆይ፣ አንቱታዬ እንዳያታልልዎት፤ ተቃጥያለሁ። በቁጠባ ስላመንኩ አላፍርም፤ የማፍረው በእርስዎ ስላመንኩ ነው። የሃምሳ ስምንት ሺህ ብሩ ጥያቄዬ ስምንት ወር ሙሉ በሚቀጥለው ስብሰባ ሲታይ ከርሟል። ከነወለዱ በአሥር ቀን ውስጥ በእጄ እንዲገባ፣ የአቶ ይርዳው ብድር እንዴት እንደተፈቀደም አባላት ባሉበት እንዲያስረዱ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ገጽ ስድስትንና ቃለ ጉባኤውን አያይዤ የማኅበራትን ሒሳብ ለሚመረምረው የዞኑ መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ፤ በአቤቱታው ላይ በመጀመሪያ የሚጻፈው ስም ደግሞ የእርስዎ ነው።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማስታወስ ችሎታዎም ብርታት እየተመኘሁ፣ ከእርስዎ ባገኘሁት ትምህርት ደረጃውን ሁሉ የወረድኩ

ታዛዥዎ
ንጋቷ ባየ (ፊርማዬ ከቀድሞው ጋር ይመሳሰላል)

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳጥፍ የማኅበሩ ተላላኪ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ፖስታ አደረሰኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ብር ወጪ ባለማድረጌ የዓመቱ አርአያ ቆጣቢ ሆኜ መመረጤን፣ በመጪው ቅዳሜም የምስክር ወረቀት በአዳራሽ እንደምቀበል ይገልጻል። ስለ ክብሩ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም መገኘት አልችልም። አቶ ይርዳው በዕለቱ በኪሎ ሂሳብ ለቃሚ ይፈልጋሉ፣ እኔም ተመዝግቤያለሁ፤ የምንለቅመው ከእኔ ማሳ ነው።