ጠንካራው ሌንስና የአባባ ወንበር

ሚያዝያ 14 ቀን
ከሰዓት መጠገኛ ሱቃችን

ለምወድዎና ለምፈራዎ አባቴ፣

እህቴ ዘንድ ርቀው ከሄዱ ይኸው ዓመት ሞላዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ የዚያን ቤት ደረጃ ለመደው? እኔ ደህና ነኝ፤ ግን ተናድጃለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ዓይንሽ ከደከመ ወንበሩን ለአጎትሽ ልጅ ልቀቂና አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ» ይላል። አባባ፣ የአጎቴ ልጅ እኮ ባትሪ ከመቀየር ያለፈ አያውቅም። አንድ ቀን ደፍሮ ሰዓት ከፈተና የተረፉትን ብሎኖች በፖስታ አድርጎ ለባለቤቱ ሰጠው። ለእሱ ነው የምለቀው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ጥፋቴን ራሴ ልንገርዎ። ደንበኛችን ጡረተኛው መምህር ለእርስዎ ስልክ ደውለው የከሰሱኝ እውነታቸውን ነው። ሰዓታቸውን አጥቤ ስገጥም አጭሩን ቆጣሪ አጣምሜ ተከልኩት። ሰዓቱ ልክ ሲሞላ ረጅሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አጭሩ ግን ቁጥሩ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ከቆጣሪው ጎን ጥላ የመሰለ ሌላ ቆጣሪ ይታየኝ ነበር፤ እኔም ጥላውን አምኜ ገጠምኩ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

በማግስቱ የዓይን ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። «አስቲግማቲዝም ይባላል። የዓይንሽ ፊት እንደ ኳስ ክብ መሆኑ ቀርቶ ትንሽ ሞላላ ሆኗል። ቀላል ነው፣ አትደንግጪ» አለችኝ። መነጽር ልትጽፍልኝ ስትል ሰዓት የምጠግንበትን ማጉያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዓይኔ ላይ ሰካሁት። «መነጽሩን የት ላድርገው፣ ግንባሬ ላይ?» ስላት ስቃ ዓይን ላይ የሚለጠፈውን ኮንታክት ሌንስ አመጣች፤ ለስላሳና ጠንካራ አለው።

ለስላሳው ይበቃሻል ብላ ሰጠችኝ። አልዋሽም፣ ይመቻል፤ ማድረጌንም እረሳው ነበር። ግን እኛ አንገታችንን ደፍተን የምንሠራ ሰዎች ነን። አቀርቅሬ ዓይኔን ባርገበገብኩ ቁጥር ሌንሱ ትንሽ ይዞርና የያዝኩት ነገር ይደበዝዛል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጠራል። የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ብሎን በወረንጦ ይዤ «ቆይ እስክትጠሪ» ልበላት?

በሳምንቱ ተመልሼ ጠንካራውን ስጪኝ አልኳት። «እሱ ይቆረቁራል፣ አቧራ ከገባበትማ ያስለቅሳል። ለዚች ቀላል ነገር ምን አስጨነቀሽ?» ብላ ተከራከረችኝ። «አንቺ መንገድ ለሚያይ ሰው ነው የምትመክሪው፤ እኔ የማየው ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው» አልኳትና ወሰድኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት ስልጥ የዋልኩ ይመስል እንባዬ ወረደ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ «ማን ሞተብሽ?» ብሎ መቀሱን እንደያዘ ገባ። ዛሬ አንድ ሰዓት፣ ነገ ሁለት ሰዓት እያልኩ ዓይኔን አስለመድኩት። የእጄን ዘይት በሳሙና ሳላስለቅቅ ሌንሱን አልነካውም፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ይኸው አሥራ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ጥላው ጠፍቷል። ባቀረቅርም ቀና ብልም የእያንዳንዱ የሰዓት ጥርስ ጫፍ ጥርት ብሎ ይታየኛል። አሁንም ይቆረቁረኛል፤ ይቆርቁረኝ! የመምህሩንም ሰዓት ደግሜ ገጥሜ መለስኩላቸው። ለሩብ ሰዓት ትክ ብለው አይተው እጄን ጨበጡኝ።

ስለዚህ ወንበሩን አልለቅም። «ዓይኑ የደከመ ሰዓት ሠሪ ከወንበሩ ይነሳ» የሚለው ሕግ የእርስዎ ነው፤ እኔ አልፈረምኩበትም።

ይህን ደብዳቤ እህቴ ጮክ ብላ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። የኔ እህት፣ እዚህ ላይ አቁሚና ወረቀቱን ስጪያቸው። የቀረውን በትልልቅ ፊደል ጽፌዋለሁ፣ ራስዎ ያንብቡት።

አባባ፣ ከመሄድዎ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት፣ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ፣ የዘጉትን የሰዓት ክዳን እየከፈትኩ ያጣመሙትን ቆጣሪ ሳቃና የኖርኩት እኔ ነኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። አንድም ደንበኛ አላወቀም። እኔ ግን ከወንበርዎ ይነሱ አላልኩዎትም።

ዓይንዎን ይታዩ፣ እባክዎ። እግዚአብሔር ብርሃንዎን ያቆይልኝ። ምርቃትዎን እሻለሁ፤ ፈቃድዎን ግን አልጠብቅም።

ልጅዎ፣
ሰዓት ሠሪዋ