ዘመም ያለው ጽሕፈት

ነሐሴ 12 ቀን 1971
ዝናብ። ጠዋት መሠረተ ትምህርት አስተማርኩ። ከሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደሴ የፈረንጅ ብስኩት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ላዩ ላይ ያለው ጽሕፈት ወፍራም፣ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ትንንሽ እግር ያለው። «የአብዮት በዓሉን መፈክር እንዲህ ጻፍልን፣ ጓድ ደርበው። የሚሮጥ ይምሰል!» የፈረንጅ ፊደል ነው እኮ! «ሀ»ን እንዴት አድርጌ ነው የማስሮጣት?

ነሐሴ 14
ሆነልኝ! ወፍራሙን በብሩሹ ሆድ፣ ቀጭኑን በጠርዙ... «ለ» እግሯን አንስታ ልትሄድ ነው። «ወደፊት» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ደስ ስላለኝ ብቻ።
ቁም ጽሕፈት ያስተማሩኝ የኔታ ወልደ ሰንበት ከቤተ ማርያም ሲመለሱ ቆመው አዩት።
«ምነው ልጄ፣ ፊደሉን ምን ነካው? ታሟል?»
አፈርኩ። ግን ወደድኩት። ምን ላድርግ?

ነሐሴ 20
ጉድ ፈላ። እህል መጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ «ልጆቻችንን መልሱ» ተብሎ ተጽፎ አደረ። በግንቦት ለሚሊሺያ የተወሰዱትን ነው። ጽሕፈቱ ወፍራም፣ ዘመም ያለ... ቁርጥ የኔ! እኔ አልጻፍኩም። ማን ከመፈክሩ አይቶ እንደቀዳው እንጃ። ማወቅም አልፈልግ።
ደሴ፦ «እዚህ አገር እንዲህ የሚጽፍ ካንተ ሌላ ማን አለ?» ዓርብ መርማሪ ይመጣል አለ።

ነሐሴ 21
ይህን ደብተር ገብሱ ጎታ ውስጥ ቀበርኩት፣ መልሼ አወጣሁት። ልጥፋ? ወዴት? እናቴንስ?
የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ከተወሰዱት ሁለቱ የሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ነገሩን ነገርኳቸው።
«የሚያስይዝህ ብቻህን ማወቅህ ነው። ለተማሪዎችህ ሁሉ አስተምረው።»

ነሐሴ 22
አርባ ሦስት ተማሪ። «ዛሬ የበዓል ጽሕፈት!» አልኳቸው። ሻይ ቤት ያላት ጀውሀራ ሰሌዳውን አይታ «ወላሂ፣ ይቺ ፊደልስ እንደኔ ወገቧን አሟታል!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ከሰንበት ወዲህ ገና ዛሬ።

ነሐሴ 25
መርማሪው ሁሉንም አንድ በአንድ አስጻፈ። አርባ ሦስቱም ዘመም! ወረቀቱን አጣጥፎ ሄደ። ደሴ ፊቱ በርበሬ መስሎ «ከዛሬ ጀምሮ ፊደል ቀጥ ይበል! በቁም ጽሕፈት ብቻ!»
እፎይ... እናቴ ታቦቱን አመሰገነች።

መስከረም 3 ቀን 1972
በዓሉ ትናንት አለፈ። መፈክሩን ቀጥ አድርጌ ጻፍኩት። አላማረኝም።
ዛሬ ጠዋት መጋዘኑ ግድግዳ ላይ እንደገና፦ «ልጆቻችንን መልሱ»። በቁም ጽሕፈት። እያንዳንዱ ፊደል ልክ እንደ ዳዊት ገጽ፣ ወለም የሚል የለም። በላሊበላ እንዲህ የሚጽፍ ሁለት ሰው ነው፣ የኔታና እኔ። እኔ አልጻፍኩም።
ሮጬ የኔታ ቤት ገባሁ። ጣታቸው ላይ ቀይ ቀለም።
«የኔታ! ምን አደረጉ?»
«ልጆቼ ናቸው» አሉ።
ውሃ አመጣሁ። እጃቸውን አሽቼ አጠብኩ። ቀለሙ ቶሎ አይለቅም።
መርማሪው ሰኞ ይመለሳል ተብሏል።
ነገ ጠዋት ለአርባ ሦስቱም ቁም ጽሕፈት እጀምራለሁ።