ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት ብልቃጥ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፲፱ ቀን፣ መሐል ሜዳ

ከመርሐቤቴ ስወጣ አባቴ ለሆድ ቁርጠቴ አድቅቀው የሰጡኝን ቅጠል ዛሬ ለጋሽ ታዬ ቆንጥሬ ሰጠሁ። እሳቸው ከመድኃኒት ዕፀዋት ፈዋሹን ንጥረ ነገር ለይተው የሚያወጡ ተመራማሪ ናቸው፤ እኔ ዕቃ አጣቢያቸው ነኝ። የአባቴን ሙያ እንዲያደንቁልኝ ፈልጌ ነበር።

ዱቄቱን በብልቃጥ ውስጥ በአልኮል በጥብጠው፣ ከዚህ ቀደም ከአንድ ተክል ለይተው ካስቀመጡት ንጥረ ነገር ጎን በሰሌዳ ላይ አንድ አንድ ጠብታ አኖሩ። የሰሌዳውን ግርጌ ፈሳሽ ውስጥ ሲያቆሙት ጠብታዎቹ ሽቅብ ወጡ፤ ሐምራዊ መብራት ሲያበሩበትም እኩል ከፍታ ላይ ቆመው ታዩ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ነው።

"የአባትህ ምስጢር ተያዘ! የየትኛው ተክል እንደሆነ ልንገርህ?" አሉኝ እየሳቁ።

"ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እንዳይነግሩኝ!"

"ምነው? ሰይጣን ልጠራብህ ነው እንዴ?"

በእኛ ቤት የመድኃኒቱን ስም ለበኩር ልጅ የሚነግረው አባት ነው። ከሌላ ሰው የሰማ ልጅ ቢቀምመው አያሽርም ይባላል። አባቴ ለጥምቀት ስመለስ ሊነግሩኝ ቃል ገብተውልኛል፤ በሽተኞቻቸውን የሚረከብ ከእኔ ሌላ የለም።

ጋሽ ታዬ ስሙን አልነገሩኝም፤ ሆኖም በብልቃጡ ላይ ጽፈውት ሄዱ። እኔም ሳላየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አራት ዓመት ተምሬ ማንበብ መቻሌ እንደ ዛሬ ከብዶኝ አያውቅም። ነገ ያን ብልቃጥ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ላጥበው አልችልም።

ማለዳ ለአባቴ እደውላለሁ። በስልክ የመጣ ቃል ከአፍ እንደ ወጣ ይቆጠር እንደሆነ ግን አላውቅም። አባቴ፣ ስደውል ያንሱልኝ፤ ስሙንም ያኔውኑ ይንገሩኝ።