ሚስተር ክሮፍት ያረሙት ምዕራፍ

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለዶክተር ሲላስ፤

የኤድንብራ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ከለንደን ጭስ በቀር ደህና ነኝ። ደስ ይበልዎ! አንድ ማተሚያ ቤት የአንድ ሟች ደራሲን የመርማሪ ታሪኮች እንድቀጥል ገና ዘንድሮ የተመረቀችውን የወንድምዎን ልጅ መረጠ።

እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ የጻፍኩትን አዲስ ምዕራፍ ለአከራዮቼ ለሚስተርና ለሚስስ ክሮፍት አነብላቸዋለሁ። በምዕራፉ ውስጥ ያለው ባል መርዝ የተነከረ የዝንብ መግደያ ወረቀት ዘፍዝፎ ውሃውን ሚስቱ ሻይ ውስጥ ሲጨምር ሚስስ ክሮፍት በሳቅ ፈረሱ። «አንቺ ልጅ፣ ይህንን መራራ ሻይማ ድመትም አትቀምሰውም!» አሉኝ። ሚስተር ክሮፍት ግን አልሳቁም። «በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢሰጣት፣ ስኳርም ቢያበዛበትስ?» አሉ። እኔም አመስግኜ አረምኩት።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሚስስ ክሮፍት ሆዳቸውን ታመው ተኝተዋል። ሻዩን አልጋቸው ድረስ የሚወስዱላቸው ባላቸው ናቸው። በዚህ ብርድ ዝንብ የለም፤ ሚስተር ክሮፍት ግን ትናንት ሁለት እሽግ የዝንብ ወረቀት ገዝተው ገቡ። «መርማሪሽ የሚደርሰው በስንተኛው ቀን ነው?» ብለውም ጠየቁኝ።

ዛሬ ጠዋት ያዳለጠኝ መስዬ የሚስስ ክሮፍትን ሻይ ደፋሁት። ሚስተር ክሮፍት አልተቆጡኝም። «ደክሞሻል፣ የኔ ልጅ። ከነገ ጀምሮ ላንቺም አልጋሽ ድረስ አመጣልሻለሁ» አሉኝ።

አጎቴ፣ በጣም ናፍቀውኛል። ይህ እንደደረሰዎ የሕክምና ቦርሳዎን ይዘው በመጀመሪያው ባቡር ይምጡ።

በሰላም ያገናኘን፤
ልጅዎ ኢዲት